የስድስት ቁጥር ሩዝ

ሳህኑ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ድርብ መሆኑን ያየችው ለማጠብ ሙቅ ውኃ ሥር ስትይዘው ነው። ያኔ ሩዙ ልጇ ሆድ ከገባ አራት ሰዓት አልፎታል።

የላይኛው ፕላስተር ላይ በደቃቅ፣ በተወላገደ ጽሕፈት «ረቡዕ፣ 11» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ረቡዕ ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት የሽማግሌው ሰዓት ሠሪ በር ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም ክፋት የለውም። ግን የፕላስተሩ ጫፍ በውኃው ግለት ተልጦ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ ፕላስተር ብቅ አለ። በጥፍሯ ፈልቅቃ ገለጠችው።

«እሑድ፣ 6።»

ስድስት ቁጥር የራሷ በር ነው። ጽሕፈቱም የራሷ ነው፤ ስድስትን እንደዚያ አንገቱን አስረዝማ የምትጽፍ ሌላ ሰው ሕንፃው ውስጥ የለም። እሑድ ማታ በዶሮና በካሮት የሠራችው፣ የተረፈውን ሰኞ ጠዋት ለጎረቤት ያስቀመጠችው ሩዝ ሁለት ቀን ሙሉ የት እንደከረመ ሳይታወቅ፣ የሰው ስም ለብሶ ተመልሶ ቤቷ ገብቷል።

ልቧ ድንግጥ አለ። ይህች ሴት እንኳን ምክንያት አግኝታ እንዲያውም ቶሎ የምትደነግጥ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በመድኃኒት መጋዘን ስትሠራ ሥራዋ አንድ ነው፤ ካርቶን ትከፍታለች፣ የታተመውን ቀን ታነባለች፣ ቀኑ ያለፈበትን ወደ ቀዩ ሣጥን ትጥላለች፣ ያላለፈበትን ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች። ጎረቤቶቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ቀኑ ስንት ነው» ይሏታል። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚላት ባሏ ብቻ ነው።

«ሩዙን ማን ሰጣት?» አለች ከኩሽና።

«ማን ይሰጣታል? እኔ ነኛ» አለ ባሏ ከሳሎን። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዛሬ የጠዋት ተራ ስለነበረው ልጅቱን ከትምህርት ቤት አምጥቶ ምሳ ያበላት እሱ ነው። «ከደረጃው ፍሪጅ ነው ያነሣሁት። ምነው? ቀኑን አይቻለሁ እኮ! ካንቺ ጋር እየኖርኩ ቀን ሳላይ የማበላ ይመስልሻል?»

«አንተስ በልተሃል?»

«ለእሷስ መች በቃት። እንዲያውም ‹ሚጢጢ፣ ይሄ ሩዝ ከእናትሽ ሩዝ አይሻልም?› ብላት ‹በጣም ይሻላል› አለችኝ።»

ሳህኑን ይዛ ወጣችና ሁለቱን ፕላስተሮች አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሣቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ያንቺው ነው እንዴ?»

«የእኔ ነበር» አለች። «አሁን የማን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።»

የደረጃው ፍሪጅ የሕንፃው ሰዎች ሐሳብ ነው። በሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ፣ ማንም ከማይጠቀምበት መስኮት ሥር ቆሟል። ያስጀመረችው አራተኛ ፎቅ የምትኖረው፣ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት የምታበስለው ሴት ናት። «እናንተ የምትደፉት ምግብ ሌላ ሕንፃ ያጠግባል» ብላ ጮኻ ጮኻ አሳመነቻቸው፤ ከሥራ ቦታዋም ክዳን ያላቸው አንድ ዓይነት ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች አምጥታ ለየቤቱ አደለች። የተረፈው ሰው ሳህኑ ላይ ፕላስተር ይለጥፍና የተበሰለበትን ቀንና የበሩን ቁጥር ጽፎ ያስቀምጣል። የጎደለው ያነሣል። ሁለት ሌሊት ያለፈውን ዘበኛው ጠዋት አውጥቶ ለግቢው ችግኞች በቆፈረው ጉድጓድ ይቀብረዋል። በመጀመሪያው ወር የሕንፃው ቆሻሻ በርሜል በግማሽ ቀለለ፤ ዘበኛው «ድመቶቹ ሊከሱኝ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር።

ወይዘሮ ቀኑ ስንት ነው ግን ስታስቀምጥ እንጂ ስታነሣ ታይታ አትታወቅም። የሰው እጅ ምን እንደነካ በምን ይታወቃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደግሞም ፍሪጁ በተጀመረ በሁለት ወሩ፣ አንዳንድ ሰው ሳያስቀምጥ እያነሣ ብቻ የሚኖር መሰላትና በስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ከፍሪጁ ጎን የካርቶን ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ለየበሩ ቁጥር የተጻፈበት የልብስ መቆንጠጫ ይኖራል። ምግብ ያነሣ ሰው መቆንጠጫውን ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል። አንድ ነገር አስቀምጦ ወደ ቀኝ ሳይመልሰው ዳግመኛ አያነሣም። ሁሉም ወደዱት፤ ፍትሕ የሚመስል ነገር ማን ይጠላል? አንድ ሰው ብቻ ጠየቁ። ሰዓት ሠሪው ናቸው።

«የሌለውስ?» አሉ በዝግታ።

«የሌለው የለም አባባ» አለቻቸው። «ሁሉም ቤት ምድጃ አለ።»

ሰዎቹ ሣቁ። እሳቸው አልሣቁም። ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሆነው። አሁን ሳህኑን በእጇ ይዛ ቆማ ያስታወሰችው ያንን አለመሣቃቸውን ነው።

«ቂም ነው» አለች።

«የምን ቂም?»

«ሰው ፊት አሣቅኩባቸዋ። የራሴን ሩዝ አበላሽተው፣ ቀን ቀይረው ለልጄ መለሱልኝ።»

«ኧረ ተይ! እኔ እንደማነሣው፣ ለሚጢጢ እንደምሰጣት በምን አውቀው?»

ጥያቄው ግን ጥርጣሬዋን ከማብረድ ይልቅ አባሰው። ወደ ልጅቱ ዞረች። የሰባት ዓመቷ ሚጢጢ ሶፋው ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። በዚህ ሰዓት ሚጢጢ ተኝታ አታውቅም፤ በዚህ ሰዓት ሚጢጢ የግድግዳውን ልጥፍ የምትልጥ፣ የወንበር እግር የምትቆጥር ልጅ ናት።

«መቼ ተኛች?»

«ደከመኝ አለች።»

«ደከመኝ አለች! አንተ ደግሞ ዝም አልክ!»

ግንባሯን ነካቻት። አይሞቅም፤ ቀዝቅዞ አልቧታል። ይህ ይበልጥ አስፈራት። «ሚጢጢ፣ እናቴ፣ ምንሽን ነው?» ስትላት ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ «ሆዴ ይሽከረከራል» አለች፤ ቀጥላም ቁጭ ብላ ሳትጨርስ ሶፋው ላይ አስመለሰች። ከዚያ መሬቱ ላይ። ከዚያ አባቷ በሩጫ ያመጣው ባልዲ ውስጥ።

ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ስትደውል የተረኛዋ ነርስ ድምፅ የረጋ ነበር፤ የረጋ ድምፅ ለእሷ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚደብቅ ድምፅ ነው።

«ምን በላች?»

«ሩዝ በዶሮ።»

«መቼ ነው የተበሰለው?»

«እሑድ።»

«ከእሑድ ጀምሮ የት ነበር? ቅዝቃዜ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? ሌላ ነገር አልተጨመረበትም?»

«አላውቅም። ሌላ ሰው ዘንድ ነው የከረመው።»

«እንግዲያው ሰውየውን ጠይቂና መልሰሽ ደውይልኝ። እስከዚያ በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ ማንኪያ ውኃ ስጧት፤ እንዳትጎነጭ። ውኃው ከሆዷ ከቆየና ሽንት ከሸናች አትፍሪ። ፈዝዛ አልነቃ ካለች ግን አቅፈሻት ሩጪ።»

እናትየው ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ነው። ሁለቱን ፕላስተሮችና ሳህኑን በፌስታል ቋጠረች፤ በመጋዘኑ የተጠረጠረ መድኃኒት ለምርመራ ሲላክ እንደሚደረገው። ማንኪያውን ለባሏ ሰጥታ ወጣች።

በደረጃው ላይ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር አስታወሳት። ሰኞ ማታ ሽማግሌው እዚሁ ደረጃ ላይ ሲያልፏት ካፖርታቸው ሥር የሆነ ነገር ደብቀው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ቆም ብለው «ልጅሽ እንዴት ናት? አድጋለች» ብለዋታል። ለምን ጠየቁ? ሦስት ዓመት ጎረቤት ሲሆኑ ስለ ልጅ ጠይቀዋት ያውቃሉ? ያውቁ ይሆናል፤ አሁን ግን አንዱም አልመጣላትም። በመዞሪያው ላይ ቆማ የመቆንጠጫውን ሰሌዳ አየች። አሥራ አንድ ቁጥር በቀኝ በኩል ነው፤ ያስቀመጠ፣ ንጹሕ ሰው። ማንም እንዳይጠረጥረው ቀኙን ይዞ የተቀመጠ መቆንጠጫ!

የአሥራ አንድ ቁጥርን በር አንኳኳች። በበሩ ሥር መብራት ይታያል። ከውስጥ ውኃ ይወርድ ነበር፤ ስታንኳኳ ተቋረጠ።

«አባባ!»

ደግማ አንኳኳች።

«አባባ፣ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስድስት ቁጥር ነኝ። ልጄ ታማብኛለች።»

አንድ ነገር መሬት ላይ ጠብ ሲል ተሰማ። ተደብቀዋል። የበደለ ሰው ምን ያደርጋል? መብራቱን እንኳ ሳያጠፋ ይደበቃል።

«እሺ፣ አይክፈቱልኝ!» አለች ወደ በሩ ተጠግታ። «ሰው ጠርቼ እመጣለሁ!»

አራተኛ ፎቅ ያለችው አብሳይዋ በሩን በክርኗ ከፈተች፤ እጆቿ እስከ አንጓዋ ሊጥ ናቸው። ለነገ ጠዋት የዳቦ ሊጥ እያቦካች ነበር።

«ምነው፣ ሕንፃው ተቃጠለ እንዴ? ፊትሽ ዐመድ መስሏል።»

ነገረቻት። ፌስታሉን ፈትታ አሳየቻት። ከሰኞ ማታው ካፖርት እስከ ማክሰኞው ሰላምታ አንዱንም አላስቀረችም። አብሳይዋ የሊጥ እጇን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቆማ አዳመጠቻት።

«አንቺ እኮ እህቴ፣ ጥላሽ ቢከተልሽ ለምን ተከተልሽኝ ብለሽ የምትከሺ ሰው ነሽ» አለች። «እኚህ ሰውዬ ትንኝ እንኳ ይቅርታ ጠይቀው ነው የሚያባርሩት።»

«ታዲያ ቀኑን ማን ቀየረው? ትንኟ?»

«እሱን አላውቅም።»

«ለምን አይከፍቱልኝም?»

አብሳይዋ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ» አለች። «ዛሬ ከሰዓት ወደ ታች ሲወርዱ አላየኋቸውም። በየቀኑ በአሥር ሰዓት ወርደው ከዘበኛው ጋር ይቀመጣሉ። ዛሬ ዘበኛው ብቻውን ነበር።»

እጇን ሳትታጠብ ወረደች። እናትየው ተከተለቻት። አብሳይዋ አሥራ አንድ ቁጥርን አላንኳኳችም፤ እጀታውን በሊጥ እጇ ይዛ ገፋችው። አልተቆለፈም ነበር።

የክፍሉ ንጽሕና ያስደነግጣል። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ምድጃው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ በላዩ ሆዳቸው የተከፈተ የእጅ ሰዓቶች በመስመር ተደርድረዋል። ያ ምድጃ እሳት ካየ መቼም ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ፍሪጅ የለም። መስኮቱ ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ ሳህን በሌላ ሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደግሞ በወረንጦ የተላጡ ፕላስተሮች አንድ በአንድ፣ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። «ዐርብ፣ 3።» «ቅዳሜ፣ 14።» «ማክሰኞ፣ 9።» ስድስት ሆኑ፤ ሁለት ሳምንት ያክላሉ።

«አባባ!» ስትል አብሳይዋ ጮኸች።

ሽማግሌው መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ነጥቷል። ሴቶቹን ሲያዩ ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታዘዘም። አጠገባቸው የወደቀው ሳሙና ነበር ቅድም ጠብ ያለው።

«ይቅርታ» አሉ። «እየመጣሁ ነበር። በሩ ድረስ ራቀኝ።»

አብሳይዋ ብብታቸው ሥር ገባች። እናትየው ግን አልተንቀሳቀሰችም። «ሩዙ የት ነበር?» አለች።

«አንቺ ሴት! መጀመሪያ እናንሣቸው እንጂ!»

«ልጄ ታማለች! ሩዙ የት ነበር አባባ? ምን ጨመሩበት?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩዋት። ነገሩ እንደገባቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር፤ ያረጀው ፊታቸው ሌላ አሥር ዓመት አረጀ።

«ልጅቱ በላችው?»

«በላችው።»

«ምንም አልጨመርኩበትም። ሰኞ ማታ ወሰድኩት። ጥቂቱን በላሁ፤ ሌላውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ማታ ማታ ነፋስ ይገባል። ዛሬ ጠዋት እኩል ከፍዬ ግማሹን መለስኩ፣ ግማሹን ምሳ በላሁት። አልሸተተኝም። እውነቴን ነው፣ አልሸተተኝም።»

«ቀኑንስ?»

«ያስቀመጥኩት ረቡዕ ነው» አሉ። «ረቡዕ ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ቢጻፍበት ሰው ይደናገራል ብዬ የበፊቱን ሸፈንኩት። ሌላ ጊዜ እልጠው ነበር፤ የአንቺ ፕላስተር ግን ጠንካራ ነው፣ አልላጥ አለኝ።»

«ለምን? ለምን ግን እንዲህ አደረጉ?»

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መዳፉ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ይሄ ክብሪት መያዝ ካቃተው ቆየ» አሉ። «ሳላስቀምጥ ሁለተኛ አልወስድም። ደንብ ነው። ያለኝ ደግሞ የወሰድኩት ብቻ ነው። ስብሰባው ላይ ጠይቄሽ ነበር እኮ ልጄ። የሌለው የለም አልሽኝ።»

አብሳይዋ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ እናትየው። የሊጥ እጇ የሽማግሌውን ሸሚዝ ነጭ አድርጎታል።

እናትየው ስልኳን አወጣች። ጣቷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳተው። ነርሷ ስታነሣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ያገኘችውን ነገረቻት፤ መስኮቱን፣ ሁለቱን ሌሊት፣ ግማሽ ግማሹን። ሽማግሌውም መታመማቸውን።

«እሺ» አለች ነርሷ። «ሌላው ይቅርና፣ የቆየ ሩዝ ብቻውን ይበቃል። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ሰውየው ከመውሰዳቸው በፊትስ? እሑድ እንደተበሰለ ወዲያው ነው ፍሪጅ የገባው?»

እናትየው ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

እሑድ ማታ ልብስ ስትተኩስ አምሽታ ወገቧ ተቆርጦ ነበር። ድስቱን ምድጃው ላይ እንዳለ ክዳኑን ከድና «ጠዋት አነሣዋለሁ» ብላ ተኛች። ጠዋት አነሣችው። አሸተተችው፤ አልሸተታትም። ሳህን ላይ ገልብጣ ፕላስተሩን ለጠፈች፣ «እሑድ» ብላ ጻፈች፤ ውሸት አልጻፈችም። ድስቱ ምድጃ ላይ ማደሩን የሚያሳይ ፕላስተር የለም። ይህንን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ባሏም አያውቅም። አሁን «አዎ፣ ወዲያው ገብቷል» ብትል ማን ሊጠይቃት?

«እሜቴ? አለሽ?» አለች ነርሷ። «ለልጅቱ ስለሚጠቅም ነው።»

«አልገባም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ሌሊቱን ሙሉ ምድጃው ላይ ነው ያደረው። እኔው ጋ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አንሥተው ወለሉን ተመለከቱ፤ ሰው ሲራቆት ፊት እንደሚዞር።

«እንግዲያው ሦስት ሌሊት ነው» አለች ነርሷ በዚያው በረጋ ድምፅ። «ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ልጅቱ ያስመለሰችው እንዲያውም ጥሩ ነው። እኔ የምፈራው ለሽማግሌው ነው። ብቻቸውን እንዳያድሩ። ሁለቱንም አንድ ቤት አድርጊያቸው፣ በማንኪያ ውኃ ስጪ፣ ሽንታቸውን ተከታተይ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ያልሸና ካለ አምጪልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ አብሳይዋ ተነፈሰች። «እኔ ዘንድ እንዳላሳድራቸው በአሥር ሰዓት ሌሊት ሥራ እገባለሁ» አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። «አንቺ እንደሆነ ድሮም አትተኚም። ዛሬ እንኳን የማትተኚው ለቁም ነገር ይሁን።»

«በራሴ ቤት ነው የማድረው» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ማስቸገር አልወድም።»

«አባባ፣ ቢሞቱ የገደለዎት የእኔ ሩዝ ነው ይባላል» አለች እናትየው። ደግ ንግግር አልነበረም፤ ግን እውነቷን ነበር፤ ሽማግሌውም ይህን ስለተረዱ ይመስላል እጃቸውን ለድጋፍ የሰጧት።

ሲወርዱ በመዞሪያው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወሬ ከደረጃ ቀድሞ ይወርዳል። የሦስት ቁጥሯ ሴት «ዛሬ ሁለት ሳህን አንሥቻለሁ፤ እኔም ልሞት ነው?» እያለች ሆዷን ይዛለች፤ ሆዷ ግን ምንም አልሆነ። ዘበኛው የፍሪጁን መሰኪያ ነቅሎ በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ይዘጋ ተባለ» አለ።

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

ሁሉም ወደ እሷ ተመለከቱ፤ በእንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው ድምፅ የእሷ እንደሚሆን ያውቃሉና። እሷ ግን የሽማግሌውን ክንድ እንደያዘች ቆመች። ፍሪጁ ይዘጋ ብትል ማንም አይቃወማትም፤ ነገም የሰዓት ሠሪው ምድጃ ላይ የሚኖረው ሰዓት ብቻ ነው።

«መልሰህ ሰካው» አለች። «ያለውን ምግብ በሙሉ አውጥተህ ቅበር፤ ፍሪጁን ግን ሰካው። ነገ እኔ አጥበዋለሁ። ሩዙን ያሳደርኩት እኔ ነኝ።»

«ሰዓት ሠሪው ናቸው የተባለው እኮ...» አለች የሦስት ቁጥሯ።

«እኔ ነኝ አልኩሽ። ምድጃ ላይ አድሮ ነው የሰጠሁት። ሌላ የምትጠይቂው አለሽ?»

እናትየው ካርቶኑን ከነመቆንጠጫዎቹ ከምስማሩ ነቀለችው፤ ብብቷ ሥር ከትታ ሽማግሌውን እየደገፈች አለፈች። ከኋላዋ ሹክሹክታው ሲጀመር ሰማች። ነገ ደረጃውን ስትወርድ ምን እንደሚሏት ከአሁኑ ታውቃለች፤ ቅጽል ስሟ እንኳ ተለውጦ እንደሚጠብቃት።

ቤት ስትደርስ ባሏ ማንኪያውን እንደያዘ ሶፋው ሥር ተንበርክኮ ነበር። «አሥራ አንድ ማንኪያ ገባ፣ አልወጣም» አለ፤ ቀጥሎ ሽማግሌውን አየና ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። ምንም አልጠየቀም። እሱን ያገባችበት ምክንያት ሌላ ጊዜ ይጠፋትና እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻ ብቅ ይልላታል።

ከመጋዘን አምጥታ ያስቀመጠችውን፣ ለትውከት የሚበጠበጠውን ዱቄት ፈለገች። ፓኬቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ቀኑን አነበበች። አላለፈበትም። ደግማ አነበበች። በሁለት ብርጭቆ በጠበጠችና ለልጅቱ አንድ ማንኪያ፣ ለሽማግሌው አንድ ማንኪያ እየዞረች መስጠት ያዘች። ሚጢጢ በከፊል በተጨፈኑ ዓይኖቿ ሽማግሌውን አየቻቸው።

«አባባም ሩዝ በልተው ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«ግን ይጣፍጥ ነበር» አለች ሚጢጢ፤ ሽማግሌውም በደረቀ ከንፈራቸው «በጣም» ብለው መለሱላት። እናትየው ማንኪያውን አፏ ውስጥ ከተተችላት፤ ሌላ ነገር እንዳትናገር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ሚጢጢ ለመነሣት ጠየቀች። አባቷ ተሸክሟት ሄደ። እናትየው ኮሪደሩ ውስጥ ጆሮዋን አቁማ ቆመች።

«ሸናች!» ብሎ ጮኸ ባሏ፤ ልጅ የተወለደለት ሰው እንኳ እንደዚያ አይጮህም። እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ብዙ ግን አይደለም። የማንኪያው ተራ የሽማግሌው ነበር።

ሽማግሌው ግን አልሸኑም። ሦስት ሰዓት ሆነ። እሷ መጠየቅ አፈረች፤ ባሏን ላከችው። «አልመጣኝም ብለዋል» ብሎ ተመለሰ። በሦስት ከሩብ ብድግ ብለው ጫማቸውን ሲያጠልቁ ደረሰችባቸው።

«ወዴት ነው አባባ?»

«አሁን ደኅና ነኝ። ወደ ቤቴ ልውጣ።»

«ቆመው እንኳ ይወዛወዛሉ።»

«ደረጃውን ይዤ እወጣለሁ።»

እንደ ልማዷ ፊታቸውን አጠናች። ይህ ሰው የሆነ ነገር ይደብቃል። ዘወር ዘወር ይላሉ፤ ዓይናቸው ወደ ኮሪደሩ ሄዶ ይመለሳል። አሁን ግን የጠረጠረችው ሌላ ነገር ነበር፤ ምናልባትም በዚያ ቀን ያልተሳሳተችበት ብቸኛ ጥርጣሬ።

«አባባ፣ ሽንት ይዞዎት ነው እንዴ?»

የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። «የሰው መታጠቢያ ቤት...» ብለው ጀመሩ። «እጄ እንደምታዪው ነው። አበላሽባችኋለሁ።»

«ያበላሹ!» አለች። «ልጄ ሶፋውን አበላሽታለች፣ ምንጣፉን አበላሽታለች፣ እኔ ሩዙን አበላሽቻለሁ። ዛሬ እዚህ ቤት ያላበላሸ ሰው ማን አለ?»

«እኔ» አለ ባሏ ከሳሎን።

«አንተ ያበላኸው አይደለህም እንዴ!»

ሽማግሌው ሣቁ፤ የሣቃቸው ድምፅ ሳል ይመስላል። ጫማቸውን አወለቁና ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። እሷ ወደ ሳሎን ተመለሰችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችላቸው፤ እንዳያፍሩ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ስንቱን ነገር አሰበች፤ ወድቀው ይሆን፣ ራሳቸውን ስተው ይሆን። ልታንኳኳ ስትነሣ ውኃው ሲለቀቅ ሰማች፤ በሩ ተከፈተ፤ ሽማግሌውም ሳያዩዋት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

የልጇን አሮጌ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈችላቸው። ብርድ ልብስ ደረበች። እሳቸው ግን ሲተኙ ጫማቸውን ራስጌያቸው አድርገው፣ ጫፉን ወደ በሩ አዙረው አስቀመጡት። አየችው። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ቀስ ብለው ተነሥተው፣ እንዳያስቸግሩ ብለው፣ በጨለማ ሦስተኛ ፎቅ ሊወጡ ነው። ይህንን ለማወቅ ሰዓት ሠሪ መሆን አያስፈልግም።

ወደ በሩ ሄደች፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችውና ነቅላ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።